የጨለማው ወራት ድባቴ፦ በሰሜን አገሮች የብርዱን ወቅት እንዴት መሻገር ይቻላል?

አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ አጭር ቀንና ረጅም ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን ታኅሣሥ 12 ቀን፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21፣ ፀሐይ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ወጥታ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሚኒያፖሊስና ሲያትል የዚህን ያህል ባይጨልሙም በዚያ ሰሞን የቀኑ ብርሃን ርዝመት ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም። አገር ቤት ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ፣ የጠራ ሰማይ ወር ነው። ከዚያ ብርሃን ወጥቶ ሰሜን የኖረ ሰው በጨለማው ወራት «ድካም ድካም ይለኛል፣ አልጋ አልጋ ይለኛል፣ ሰው አስጠልቶኛል» ቢል ሰንፏል ማለት አይደለም። እምነቱም አልጎደለም። ታሟል፤ ሕመሙም የሚታከም ነው።

ከወቅት ጋር እየመጣ የሚሄደውን ይህን ድባቴ «ሲዝናል አፌክቲቭ ዲስኦርደር» (Seasonal Affective Disorder) ብለው ሰይመው በዝርዝር የገለጹት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሮዘንታል ፀሐይ ከማይጠፋባት ጆሃንስበርግ ወደ ኒው ዮርክ የመጡ ሐኪም ነበሩ፤ የብርዱ ወራት ጉልበታቸውን ሲወስድባቸው በራሳቸው ላይ አይተውታል።

1. ምልክቱን ከናፍቆት ይለዩ

ብዙ ጊዜ ድባቴ ሲባል እንቅልፍ ማጣትና ምግብ መዝጋት ይታሰበናል። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ነው። አሥር ሰዓት ተተኝቶም እንቅልፍ አይጠገብም፤ ዳቦ፣ ፓስታና ጣፋጭ ነገር ያምራል፤ ክብደት ይጨምራል፤ ስልክ ሲጮኽ ማንሳት ይከብዳል። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ይጀምርና መጋቢት ላይ ይለቃል። የአገር ናፍቆት በሐምሌም ይመጣል፤ ይህ ሕመም ግን ቀጠሮ ያከብራል። ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ በዚሁ ወቅት ከመጣብዎ ለሐኪም የሚነገር ጉዳይ ነው።

ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ማታ ማታ ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ሰዓት ነቁ፣ ስሜትዎ ከ10 ስንት ነበር። ለሐኪም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

2. የጠዋት ብርሃንን እንደ መድኃኒት ይውሰዱ

ከሁሉም በላይ ጊዜዎን እንዲያውሉበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። በዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ሌሊቱና ቀኑ መለየቱን ለአንጎል ለመንገር የተመደቡ ሕዋሳት አሉ። ጠዋት በቂ ብርሃን ካላገኙ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እርስዎ ሥራ ገብተው ሰውነትዎ ገና ሌሊት ላይ ነው። የቤት ውስጥ መብራት ይህን ማስተካከል አይችልም። የብርሃን ጥንካሬ የሚለካበት መለኪያ ሉክስ ይባላል፤ ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ500 ሉክስ አይበልጥም። ለሕክምና የሚፈለገው 10,000 ሉክስ ነው።

ለዚህ ተብሎ የሚሠራ የብርሃን ሕክምና መብራት ይሸጣል። ሲገዙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። በምን ያህል ርቀት 10,000 ሉክስ እንደሚሰጥ በግልጽ የተጻፈበት ይሁን፤ አንዳንዱ አነስተኛ መብራት ያን ያህል የሚሰጠው ፊትዎን ሊነካ ሲደርስ ብቻ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚያጣራ ይሁን። ብርሃኑ ነጭ ይሁን። ቆዳ ለማጥቆር የሚሸጠው መብራት ፈጽሞ ሌላ ዕቃ ነው፤ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። እንደነቁ፣ ቢቻል በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ መብራቱን ቁርስ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ። ከፊትዎ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከዓይንዎ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽም ወደ ጎን ይበል። ዓይንዎ ይከፈት እንጂ መብራቱ ላይ አያፍጥጡ። ሻይዎን እየጠጡ፣ ዳዊት እየደገሙ ወይም ጋዜጣ እያነበቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀመጡ። ስልክዎ ላይ ካቀረቀሩ ብርሃኑ ግንባርዎ ላይ ይቀራል፤ የሚያነቡትን ነገር ከፍ አድርገው ይያዙ። አቅሙ 2,500 ሉክስ ብቻ የሆነ መብራት ከሆነ ሁለት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ ሥራ ያለው ሰው ይህን አይዘልቀውም።

ለውጡ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል። ሲሻልዎ አያቁሙ፤ ጥቂት ቀን ከተዉት ሊመለስ ይችላል። እስከ መጋቢት ይዝለቁበት። ማታ መብራቱ ፊት መቀመጥ ግን እንቅልፍ ይነሳል።

መጀመሪያ ላይ ራስ ምታት ወይም የዓይን ድካም ቢሰማዎ ትንሽ ራቅ ይበሉ ወይም ደቂቃውን ይቀንሱ። የዓይን ሕመም ካለብዎ፣ የስኳር ሕመም ዓይንዎን ከነካው፣ ወይም ቆዳን ወይም ዓይንን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ከዚህ በፊት ባይፖላር የተባለ የስሜት መዋዠቅ የተነገረው ሰውም እንዲሁ፤ ብርሃኑ ከልክ ላለፈ መነቃቃት ሊዳርገው ይችላል። ሳይተኙ ድካም የማይሰማዎ፣ ሐሳብዎ የሚሮጥ፣ ገንዘብ ያለ ልክ የሚያወጡ ከሆነ መብራቱን አጥፍተው ለሐኪም ይደውሉ።

3. በቀን ከደጅ ይውጡ

ሰማዩ ቢዳምንም ከደጅ ያለው ብርሃን ከቤት ውስጡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጨለማ ሳለ ወጥቶ ሲጨልም ለሚመለስ ሰው፣ አረጋውያንን የሚንከባከብም ሆነ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚሠራ፣ ያለው ዕድል የምሳ ሰዓት ነው። ምሳዎን በ15 ደቂቃ ጨርሰው ቀሪውን በእግር ይሂዱበት። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡም ቀጥታ መኪና ውስጥ ከመግባት ትንሽ ይራመዱ። ሌሊት የሚሠሩ ከሆነ መብራቱን በየትኛው ሰዓት እንደሚጠቀሙ ሐኪም ይወስን፤ በግምት ከሆነ ሰዓቱ ይብስ ይዛባል።

4. ጾሙን ከነቫይታሚኑ ያስቡበት

ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ነው፤ ከጨለማው ወቅት ጋር ተገጣጥሟል። ቫይታሚን ዲ የሚገኝባቸው እንቁላልና የቅባት ዓሣ ከማዕድ ይርቃሉ። የብርድ ወራት ፀሐይ በሰሜን አገር ቆዳችን ቫይታሚኑን እንዲሠራ አታስችልም፤ ጠቆር ላለ ቆዳ ደግሞ በሌላው ወቅትም ይበልጥ ፀሐይ ያስፈልገዋል። የእንግሊዝ መንግሥት ሁሉም ሰው በመጸውና በብርዱ ወራት በቀን 10 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ዲ መውሰድን እንዲያስብበት ይመክራል፤ ጥቁር ቆዳ ላላቸው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት የአጃ ወይም የአኩሪ አተር ወተት ለጾመኛ ይመቻል።

ነገር ግን ቫይታሚኑ መብራቱን አይተካም፤ ድባቴውን እንደሚያድን በአስተማማኝ አልተረጋገጠም። የሚወስዱት ለአጥንትዎና ለጡንቻዎ ብለው ነው። የጣፋጭ አምሮቱን በተመለከተ ምስርና ሽሮ ከነጭ ዳቦ ይልቅ ረሃብን ያቆያሉ።

5. ከሰው አይጥፉ

ሕመሙ መጀመሪያ የሚያሳጣው ጨዋታን ነው፤ ስለዚህ ደስ እስኪልዎ አይጠብቁ። በሳምንት አንድ ቀን ቡና የሚጣጡበት ቤት አስቀድመው ይቅጠሩ፤ ሰዓቱ ከቀትር በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ማታ ሦስተኛውን የጠጣ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። አንድ ወዳጅዎን «ጥቅምት ሲገባ ብጠፋ አትተወኝ» ብለው በመስከረም ይንገሩት። ወዳጅ የሆኑት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ «ምነው ጠፋህ» ብሎ ከመውቀስ በር አንኳኩቶ አብሮ መራመድ ይሻላል።

6. ለሐኪም እንዴት ይንገሩ

ብዙዎቻችን ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ «ራሴን ያመኛል፣ ይደክመኛል» ብለን እናበቃለን። ያም ይነገር፤ የእንቅርት ዕጢ ችግርና የደም ማነስም ድካም ስለሚያመጡ በደም ምርመራ መለየት አለባቸው። ግን ይህንንም ይጨምሩ፦ «ካቻምናም አምናም ጥቅምት ላይ ጀምሮኝ መጋቢት ላይ ለቆኛል። እንቅልፌ በዝቷል፤ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ የምወደው ነገር አያስደስተኝም።» አሜሪካም ስዊድንም ሆስፒታል አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ ልጅ ፊት የማይነገር ነገር ይኖራል።

ሐኪሙ ከብርሃኑ ሌላ የንግግር ሕክምና (ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) ወይም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ኬሊ ሮሃንና ባልደረቦቻቸው 177 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። በሁለተኛው ዓመት የብርድ ወቅት ድባቴው የተመለሰባቸው፣ ለዚሁ ሕመም የተዘጋጀ የንግግር ሕክምና ከወሰዱት መካከል 27 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ብርሃን ከታከሙት ግን 46 በመቶ ገደማ ነበሩ። ዕድሉን ካገኙ ሁለቱንም ይያዙ። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ይሂዱ፤ መድኃኒትዎን ግን አያቋርጡ።

መኖር ካስጠላዎ ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ። በአሜሪካና በካናዳ 988 ይደውሉ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የአደጋ ጥሪው 112 ነው። አጠገብዎ ያለውንም ሰው ወዲያው ይንገሩት።

7. አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ

ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የሚገቡ ብዙ ናቸው፤ እዚያ በጥቂት ቀን ቀለል ማለቱ የታወቀ ነው። የሚከብደው መመለሱ ነው፤ በጥር መጨረሻ ስቶክሆልም ገና ቀዝቃዛና ጨለማ ናት፤ ብዙ ሰውም «ድኛለሁ» ብሎ መብራቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ይተወዋል። ከመሄድዎ በፊት ጠረጴዛው ላይ እንደተሰካ ይተዉት። በደረሱ ማግስት ጠዋት ያብሩት፤ እስከ መጋቢትም ይቀጥሉ።