ለክሮንስ ወይ ለኮላይተስ ኦፕሬሽን ለምትዘጋጁ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ከደብረ ብርሃን ወይ ከመንዝ ሪፈር ተጽፎላችሁ አዲስ አበባ ለአንጀት ኦፕሬሽን የምትሄዱ፣ መጀመሪያ በሽታው ክሮንስ ይሁን አልሰራቲቭ ኮላይተስ (ሁለቱም አንጀት የሚያቆስሉ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ናቸው) ሐኪሙን አጥብቃችሁ ጠይቁ፣ ውጤቱ አንድ አይደለማ። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ከሆነ ትልቁ አንጀትና ሬክተሙ (ከፊንጢጣ በላይ ያለው የአንጀት መጨረሻ) ከወጣ የአንጀቱ በሽታ አብሮ ይወጣል፣ ክሮንስ ግን የተጎዳው ተቆርጦም ብዙ ጊዜ የተቀጠለበት ቦታ ላይ ይመለሳል፣ ስለዚህ ደህና ሆንኩ ብላችሁ ክትትል እንዳታቋርጡ፣ ሲጋራም አቁሙ ክሮንስን በጣም ያባብሰዋል። የአንጀት ቲቢ ክሮንስን ስለሚመስል እሱም ይታይላችሁ።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የምትወስዱ ለሰርጀኑ ንገሩ፣ በራሳችሁ ግን በድንገት እንዳታቆሙት።

ቀጭኑ አንጀት በሆድ በኩል ወጥቶ ሰገራ የሚቀበል ከረጢት ከተገጠመላችሁ፣ የከረጢቱን ቀዳዳ ስትቆርጡ ከአንጀቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይስፋ፣ ከዛ ከሰፋ ሰገራው ቆዳውን ይልጠዋል። ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፣ ቅባት አትቀቡ አይጣበቅም። አንጀቱ ቀይና እርጥብ ነው መሆን ያለበት፣ ከጠቆረ ቶሎ ሆስፒታል! መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆሎ ይቅርባችሁ፣ አንጀቱን ይዘጋል። የኛ አገር ብርድ ስለሆነ ውሃ አይጠማም፣ ግን ከረጢቱ ቶሎ ቶሎ ከሞላ ሰውነት ይደርቃል፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ቤት ይኑር፣ ጾም ላይ ያላችሁ ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።