የጥርስ ኢናሜል ጥንካሬ እንዴት ይለካል?

ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን የሆነው ኢናሜል ነው። በክብደት 96 በመቶ ያህሉ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል ማዕድን ሲሆን የቀረው ውሃና ጥቂት ፕሮቲን ነው። ማዕድኑም 5 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ዘንጎች ተደራጅቶ ከሥሩ ካለው የጥርስ ክፍል፣ ከዴንቲን፣ ተነስቶ ወደ ጥርሱ ገጽ ይዘልቃል። ጥንካሬውን በቁጥር ለማወቅ የተለመደው የቪከርስ ሙከራ ነው፤ ፒራሚድ የመሰለ የአልማዝ ጫፍ በታወቀ ክብደት ተጭኖ የተወው ምልክት ይለካል። ማሽኑ ሥራውን በሰከንዶች ይጨርሳል። ልፋቱ ጥርሱን ማዘጋጀቱ ላይ ነው፤ ውጤት የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚያ ነው።

1. በሕክምና ምክንያት የተነቀለና ባለቤቱ ለምርመራ የፈቀደው ጥርስ ይምረጡ። ጓንት አድርገው ያጽዱትና 0.1 በመቶ የቲሞል (ጀርም የሚከላከል ኬሚካል) ውህድ ውስጥ ከትተው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡት። እንዲደርቅ አይፍቀዱ፤ የደረቀ ኢናሜል ይሰነጠቃል። በረኪና አይጠቀሙ፣ ፕሮቲኑን ያጠፋዋል።

2. ጥርሱን በኢፖክሲ ሬዚን ውስጥ ይትከሉት። ሲጠነክር ብዙ ሙቀት የሚያወጣ ሬዚን አይሆንም። ከዚያ በቀስታ በሚሽከረከር የአልማዝ መጋዝ፣ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ከጉንጭ ወደ ምላስ አቅጣጫ ቁመቱን ይሰንጥቁት። ኢናሜልና ዴንቲን ጎን ለጎን ይታያሉ።

3. በውሃ እያረጠቡ በ600፣ በ800፣ በ1200፣ ቀጥሎ በ2400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት። ወረቀት በቀየሩ ቁጥር ናሙናውን 90 ዲግሪ ያዙሩት፤ የቀደመው ወረቀት ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ማለስለሱን በ3፣ በ1 እና በ0.25 ማይክሮሜትር የአልማዝ ቅባት ይጨርሱ። በየመሃሉ በደንብ ይጠቡት፤ ከቀድሞው ደረጃ የቀረች አንዲት ቅንጣት ሙሉውን ገጽ ትቧጭራለች። የመጨረሻውን ማለስለስም አያብዙት። ዴንቲን ቶሎ ስለሚበላ በድንበሩ ላይ እርከን ይፈጠራል።

4. ናሙናውን ከማሽኑ ጠረጴዛ ጋር ትይዩ አድርገው ያስቀምጡና 100 ግራም ለ15 ሰከንድ ይጫኑ። ክብደቱ 10 ግራም ቢሆን ምልክቱ ለንባብ ያንሳል፤ በጣም ቢጨመር ደግሞ ከማዕዘኖቹ ስንጥቅ ይወጣል። ከውጭው ጠርዝ 100 ማይክሮሜትር ገባ ብለው ይጀምሩና በየ100 ማይክሮሜትሩ እስከ ዴንቲን ይዝለቁ። ምልክቶቹ ከዚህ በጣም ከተቀራረቡ አንዱ የሌላውን ውጤት ያዛባል።

5. የአራት ማዕዘኑን ምልክት ሁለቱንም ሰያፍ ርዝመቶች ይለኩ። በግልጽ ከተለያዩ ናሙናው አዘንብሏል ማለት ነው፤ ንባቡን ይጣሉት። እኩል ከሆኑ አማካያቸውን ወስደው ያስሉ፦ ጥንካሬ = 1.854 × ክብደት በኪሎግራም ÷ ርዝመት በሚሊሜትር ሲባዛ በራሱ። ለምሳሌ 25 ማይክሮሜትር ከሆነ፣ 1.854 × 0.1 ÷ (0.025 × 0.025) = 297። ርዝመቱን በስህተት 26 ብለው ቢያነቡ ውጤቱ ወደ 274 ይወርዳል! አንዲት ማይክሮሜትር ይህን ያህል ስለምታዛባ የምልክቱ ጠርዝ ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

ጤናማ ኢናሜል አብዛኛውን ጊዜ ከ270 እስከ 350 ይሰጣል። ወደ ዴንቲን ሲጠጉ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ውጭው ክፍል ማዕድኑ የበዛ ነው። ዴንቲን ላይ ሲደርሱ ወደ 60 አካባቢ ይወርድና ያው ክብደት ከ50 ማይክሮሜትር በላይ የሆነ ምልክት ይተዋል። ቁጥሩ ከገጹ አጠገብ በድንገት ከወረደ ጥርሱ በአሲድ ለስልሶ ወይም መበስበስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ግን አስቀድመው ጠርዙን በማይክሮስኮፕ ይመርምሩ። ፎከሱ ጠርዙ ላይ ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነ በማለስለስ ብዛት ክብ ሆኗል፤ ጥፋቱም የጥርሱ አይደለም።

ስንጥቁን ራሱን ማየት ከፈለጉ ክብደቱን ሆን ብለው ወደ 500 ግራም ያሳድጉ። በውጭው ክፍል፣ ዘንጎቹ ትይዩ በሆኑበት፣ ስንጥቁ በመካከላቸው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በውስጠኛው ክፍል ዘንጎቹ ስለሚጠላለፉ ይጠማዘዛል፣ ብዙም ሳይርቅ ይቆማል።