ከከተማ ዳር ሆናችሁ የደም፣ የስኳርና የባዮፕሲ ምርመራ በትክክል እንዴት እንደምታሠሩ

የላብራቶሪ ማሽን የሰጡትን ነው የሚቆጥረው። ከስህተቱ አብዛኛው የሚፈጠረው ደግሞ ናሙናው ማሽኑ ጋ ሳይደርስ በፊት ነው። ስም ይቀያየራል፣ ደም ይረጋል፣ ብልቃጥ መኪና ውስጥ ግማሽ ቀን ይውላል። በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ከአያት ወዲያ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ነገር ይብሳል። የሰፈር ክሊኒክ ብዙ ጊዜ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና ስኳር እዚያው ይሠራል፣ ሌላውን ግን ደም ቀድቶ መሀል ከተማ ላለ ትልቅ ላብራቶሪ ይልካል። ስለዚህ ከመርፌው እስከ ማሽኑ ያለውን መንገድ እናንተም ተከታተሉት።

መጀመሪያ፦ ምን እንደሚመረመርላችሁ እወቁ

"ሙሉ ምርመራ አድርጉልኝ" ብሎ መግባት ብር መበተን ነው። ምርመራ ከጥርጣሬ ነው የሚነሳው። ድካምና ማዞር ካለ ሲቢሲ ይታዘዛል። ውሃ ጥምና ሽንት መመላለስ ካለ ስኳር፣ አንገት ላይ እብጠት ካለ ታይሮይድ፣ ምናልባትም ከእብጠቱ በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና።

"የካንሰር የደም ምርመራ" እየተባለ በፓኬጅ የሚሸጠውን እኔ አልወደውም። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚታየው ፒኤስኤ ፕሮስቴት በዕድሜ ሲያድግም ይጨምራል፣ ለእንቁልጢ ካንሰር የሚታየው ሲኤ 125 በወር አበባ ጊዜም ከፍ ይላል። ሰው በባዶ ሜዳ ይደነግጣል። አብዛኛው ካንሰር የሚረጋገጠው ከሰውነት ናሙና ተወስዶ (ባዮፕሲ ይባላል) በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

የጤና መድህን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ያዙ። ያለዚያ ወጪው ከኪሳችሁ ነው።

ከዋዜማው ጀምሮ

ለስኳር ቢያንስ 8 ሰዓት ባዶ ሆድ ያስፈልጋል። ማታ 2 ሰዓት እራት በልታችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ብትደርሱ 11 ሰዓት ሞላችሁ፣ በቂ ነው። ውሃ ጠጡ፣ እንዲያውም ውሃ የጠጣ ሰው ደም ሥር ቶሎ ይገኛል። ቡና ግን ያለ ስኳርም ቢሆን ይቆይ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ደግሞ "መቼስ አልበላሁም" ብላችሁ ከሰዓት በኋላ አትሂዱ፣ ጾሙ ሲረዝም ውጤቱም ይለወጣል። ጠዋቱን ሂዱ።

ሲቢሲ፣ ኤ ዋን ሲ (የወራት አማካይ ስኳር) እና ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ) ምግብ ቢበላም ችግር የለባቸውም። ለእነዚህ ብላችሁ ልጅ አታስርቡ።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ፣ ባዶ ሆድ ከወሰዳችሁት መንገድ ላይ ስኳራችሁ ወርዶ ሊጥላችሁ ይችላል። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሌላው፣ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚዋጠው ባዮቲን የታይሮይድ ውጤት ያዛባል። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ አቁሙት።

ደም ስትሰጡ

ከታክሲ ወርዳችሁ እየሮጣችሁ ክንድ አትዘርጉ፣ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ላስቲኩ ሲታሰር እጃችሁን ደጋግማችሁ አትጨብጡ፣ ፖታሲየምን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ላስቲኩም ከአንድ ደቂቃ በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው።

ከዚያ ብልቃጡን እዩ። ስማችሁ እናንተ ፊት ይጻፍ፣ ከካርድ ቁጥሩ ጋር። ስምና የአባት ስም አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ መገናኘታቸው ብርቅ አይደለም። "ቁጥሩን ላየው?" ማለት ነውር የለውም።

የክዳኑ ቀለምም ትርጉም አለው። ሐምራዊው ለሲቢሲ ነው፣ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል አለ። ደሙ እንደገባ ብልቃጡ ቀስ ተብሎ ወዲያና ወዲህ ስምንት አሥር ጊዜ መገልበጥ አለበት፤ መነቅነቅ ሳይሆን መገልበጥ። ካልተገለበጠ ትናንሽ የረጋ ደም ይፈጠርና ቆጠራው ይበላሻል። ውሃ ሰማያዊው ለደም መርጋት ምርመራ ነው፣ እስከ ምልክቱ ድረስ መሙላት አለበት። ግራጫው ለስኳር ነው።

ስኳሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዳር ሰፈር ሰው በጣም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ደም ከክንዳችሁ ከወጣ በኋላም ሴሎቹ አልሞቱም፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበሉ ነው። በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጠዋት 130 የነበረ ስኳር ተራ ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ፣ ናሙናውን የሚወስደው ሞተር እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ቢቀመጥ 108 አካባቢ ሊነበብ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው "ትንሽ ከፍ ብሏል እንጂ ደህና ነህ" ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። ግራጫው ብልቃጥ ይህን ይቀንሰዋል፣ ግን ወዲያው አያቆመውም። ስለዚህ "እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ይላካል? መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚላክ ከሆነ እዚያው ፈሳሹ ከሴሎቹ ተለይቶ ቢሄድ ይሻላል። ሲቢሲ እንደ ስኳር አይቸኩልም፣ ቶሎ ቢሠራ ግን ይመረጣል።

ወረቀቱን ስታነቡ

ቁጥሩን ብቻ አትዩ፣ አጠገቡ ያለውን መደበኛ ወሰንና መለኪያም እዩ። ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ክፍል) በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ለወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። ይህ ግን በባህር ጠለል ከፍታ ላይ ላለ ሰው ነው። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ከፍታ ደግሞ ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ 12.1 አግኝታ ድካም የማይለቃት ሴት "ኖርማል ነው" ተብላ ብቻ ባትመለስ፣ የብረት ክምችቷን የሚያሳየውን ፌሪቲን ብትጠይቅ ጥሩ ነው። ኤምሲቪ (የቀይ ደም ሴል መጠን) ከ80 በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት፣ ከ100 በላይ ሲሆን የቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት ይጠረጠራል።

ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሴል) አነሰ ከተባላችሁ ሳትደናገጡ "ስላይድ ታይቷል?" በሉ፤ ደሙ መስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ታይቷል ወይ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ሐምራዊው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ኬሚካል ፕሌትሌቶቹን ያጣብቃቸዋል፣ ማሽኑም አሳንሶ ይቆጥራል።

ስኳር በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኤ ዋን ሲ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ነው፤ ግልጽ ምልክት ከሌለ ግን በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ኤ ዋን ሲ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ነው የሚያሳየው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ሊያሳስት ይችላል፣ ስለዚህ ሲቢሲውንም ለሐኪሙ አሳዩ። የጣት መመርመሪያው ለክትትል እንጂ ሕመሙ አለ የለም ለማለት አይደለም።

ስላይድና መቅኒ ከተጠየቃችሁ

ነጭ የደም ሴል በጣም ከበዛ ወይም እንግዳ ሴል ከታየ ባለሙያው አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አጥልቆ ያየዋል። ከዚያ መቅኒ ሊታዘዝ ይችላል። ብዙ ሰው "ከአከርካሪ ነው፣ ሽባ ያደርጋል" ብሎ ይሸሻል። ከአከርካሪ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ከዳሌ አጥንት በስተኋላ ነው፣ ቦታው ተደንዝዞ። መቅኒው ሲሳብ የሚሰማ ሹል ሕመም አለ፣ ቶሎ ያልፋል። የዘረመል ምርመራ ከታዘዘ ደግሞ አትዝለሉት። ከደም ካንሰሮች አንዱ እ.ኤ.አ በ1960 በተገኘው፣ የፊላደልፊያ ክሮሞዞም በሚባለው የዘረመል ለውጥ ይለያል፣ እሱ ካለ በሚዋጥ ኪኒን መታከም ይቻላል።

የባዮፕሲ ናሙና ይዛችሁ ስትሄዱ

ቀዶ ጥገናው አንድ ቦታ፣ ፓቶሎጂው (ናሙናው በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት) ሌላ ቦታ ሲሆን ናሙናውን ቤተሰብ እንዲያደርስ ይደረጋል። ብልቃጡን ስትቀበሉ ሦስት ነገር እዩ። ሥጋው ሙሉ በሙሉ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይሁን፣ ፈሳሹም ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል። አፉ ሰፊ ይሁን፣ ጠባብ አፍ ውስጥ ተጨምቆ የገባ ሥጋ ፎርማሊኑ ሲያጠነክረው አይወጣም። ስም፣ ከየት የሰውነት ክፍል እንደተወሰደና የወጣበት ሰዓት በብልቃጡ አካል ላይ ይጻፍ፣ ክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ይቀያየራል።

ውሃ አትጨምሩበት፣ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት። በሁለት ፌስታል አስሩና ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ታክሲ ውስጥ እንዳትከፍቱት፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። "ዛሬ መሽቷል፣ ሰኞ እወስደዋለሁ" አይባልም፤ ለጡት ናሙና ፎርማሊን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው የሚመከረው፣ ጊዜው ካለፈ ቆይተው የሚሠሩት የሆርሞን ምርመራዎች ሊዛቡ ይችላሉ። የሐኪሙ ወረቀትም ዕድሜ፣ ጥርጣሬና የቀደመ ሕክምና ይኑረው። ፓቶሎጂስቱ በሽተኛውን አያየውም፣ ያለው ሥጋውና ያቺ ወረቀት ናት።

እዚያ ሥጋው ሰም ውስጥ ተቀብሮ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ሆኖ ይቆረጣል፣ ቀናት ይፈጃል። ውጤት ስትወስዱ ስላይዱና የሰም ብሎኩ የት እንደሚቀመጡ ጠይቁ። ሁለተኛ ሐሳብ ብትፈልጉ ወይም ጥቁር አንበሳ ብትላኩ ተጨማሪው ምርመራ ከዚያው ብሎክ ይሠራል፣ እንደገና መቆረጥ አያስፈልግም። የፓቶሎጂ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ ብሎኩ የሚፈለገው በእሱ ነው።