የተቀደደውን የድሮ ካርታ እንዴት ጠገንኩት

የእንግሊዛዊውን መርከበኛ የካፒቴን ኩክን ሁለተኛ የባሕር ጉዞ የሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1777 ለንደን ላይ በሁለት ቅጽ የታተመው መጽሐፍ ውስጥ ተጣጥፎ የገባ የደቡብ ንፍቀ ክበብ ካርታ አለ። የኔው እጥፋቱ ላይ ተቀዶ ነበር። ትልቅ ካርታ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚያ ነው፤ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የወረቀቱ ቃጫ ይሰበራል።

መጀመሪያ ፕላስተር ልለጥፍበት ነበር። እንኳንም ተውኩት! ሙጫው ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆንና ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ ማስለቀቁ ፈተና ነው።

የሠራልኝ ስስ የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች የተሠራ ሙጫ ነው። ወረቀቱን በመቀስ አልቆረጥኩትም፤ በእርጥብ ብሩሽ አስምሬ በእጄ ቀደድኩት፣ ምክንያቱም ከጠርዙ የሚወጣው ቃጫ ነው ከካርታው ጋር ተዋህዶ የሚይዘው። ሙጫውን ወፈር አድርጌ በጣም በትንሹ ቀባሁና ከጀርባው ለጠፍኩት፤ ከላይና ከታች የማይጣበቅ ጨርቅና መምጠጫ ወረቀት አድርጌ፣ ከባድ ነገር ጭኜበት አሳደርኩት። ካርታችሁ በእጅ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጥግ ላይ በእርጥብ ጥጥ ሞክሩ፣ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል።

አሁን ያለ ስጋት እከፍተዋለሁ። ደግሞ ይህ ሙጫ በእርጥበት መልሶ ስለሚለቅ፣ የተሻለ ባለሙያ ካገኘሁ ሥራዬን ሊያነሳው ይችላል።