ቅርጻ ቅርጽ ግቢ ውስጥ እንዴት ይቆማል? ከጆንያ ጀምሩ

ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለው የእናቴ ግቢ አንዲት የብረት ወፍ ቆማለች። አንድ ወጣት ቀራፂ መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ በለቀመው ቁርጥራጭ ብረት በያይዶ ነው የሠራት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ነው። አሁን የቆመችበት መሠረት ሁለተኛዋ ነው፤ የመጀመሪያው በአንድ ክረምት ጉድ ሠርቶኛል። እሱን ኋላ አወራዋለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን እወቁ

ብዙ ሰው "የት ላድርገው?" የሚለው ቅርጹን ገዝቶ መኪና ላይ ከጫነ በኋላ ነው። እናንተ ከመቀመጫችሁ ጀምሩ። ቡና የምትጠጡት የት ሆናችሁ ነው? ከወጥ ቤት መስኮት ምን ይታያል? በሩን ከፍቶ የገባ ሰው ዓይኑ የት ያርፋል? ከእነዚህ አንዱን ምረጡ። አንድ ግቢ አንድ ሥራ ይበቃዋል፤ በየጥጉ ሲደረደር ግቢው የዕቃ መሸጫ ይመስላል።

ቀጥሎ አንድ ጆንያ ጭድ ሙሉና እንጨት ላይ እሰሩት። ቁመቱና ውፍረቱ ልትገዙት ያሰባችሁትን ሥራ ያህል ይሁን። ከዚያ አንድ ሳምንት ይቁም። ቤት ውስጥ ግዙፍ የመሰለ ነገር ሰማይ ስር ሲወጣ እንዴት እንደሚያንስ ጆንያው በነፃ ያሳያችኋል። እኔ ሦስት ቦታ አዟዙሬዋለሁ። አጥሩ ጋ ባቆምኩት ቀን አንዲት ጎረቤታችን ማምሻውን ስታልፍ "እንደምን አመሹ" አለችው። መልስ ስታጣ ተቀይማ ሄደች። በማግስቱ አነሳሁት።

ፀሐይዋን ተከተሉ

ጢያ የሄደ ሰው ይሄን ያውቀዋል። እዚያ በቆሙት ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ላይ የተቀረጹት ሰይፎችና ምልክቶች እኩለ ቀን ላይ ደብዘዝ ይላሉ፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል ግን ጥላ ይይዙና ፍንትው ብለው ይወጣሉ። የእናንተም ሥራ በላዩ ቅርጽ ካለው የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ ከጎን የሚያገኘው ቦታ ስጡት። ደግሞ ይሄን አትርሱ፦ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በጋውን ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሐውልት ጥቅምትን፣ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን ፊቱ ጥላ ውስጥ ሆኖ ያሳልፋል።

ጀርባውንም እዩ። ጥቁር ድንጋይ ጥድ ፊት ቢቆም ይጠፋል። የጭቃ ግድግዳ ፊት ግን ያምርበታል።

መሠረቱ

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ነው። የእኛ ሰፈር ጤፍ የሚወደው ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እኔ ይሄን ከልጅነቴ እያየሁ አድጌ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆፍሬ ሲሚንቶ አፈሰስኩበት። ነሐሴ ላይ ወፏ ሰላምታ እንደምትሰጥ ሴት ጎንበስ አለች። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና "ተው ልጄ፣ ጠጥታ ነው" ስትል እስካሁን ይሰማኛል።

በሁለተኛው ዙር እንዲህ አደረግን። ከመቆሚያው በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር አስፍተን፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረን ጥቁሩን አፈር አወጣን። በምትኩ ሹፌሮቹ "ሬድ አሽ" የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞላን። በአንዴ አይሞላም፤ 15 ሴንቲ እያደረጋችሁ ጠቅጥቁት። በላዩ ፌሮ ያለው 15 ሴንቲ ኮንክሪት አፈሰስን። ቡሎኖቹን ኮንክሪቱ እርጥብ እያለ ቀበርናቸው፤ ከደረቀ በኋላ መብሳት ጣጣ ነው። ላዩን በውሃ ልክ አስተካከልን። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣነው፤ ከዚያ በፊት ምንም አልጫንበትም። ዙሪያውን የሚወርደው የዝናብ ውሃ እንዳይቆም ትንሽ ቦይ ቀደድን። የእናንተ ሥራ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ወይም ሁለት ሰው የማያነሳው ከሆነ ግንበኛ አማክሩ። ልጆች መንጠላጠላቸው አይቀርም።

ብረት፣ እንጨት፣ ሸክላ

ብረት ከሆነ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁና አንቲረስት ቀቡት። ዝገቱን እንደ መልክ የወደደ ይተወው፤ ግን ከስሩ ነጭ ድንጋይ አታድርጉ፣ ቀይ እንባ ያለቅስበታል። ውስጡ ባዶ ከሆነ ታች ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አስበሱ።

እንጨት ከሆነ አፈር ውስጥ አትቅበሩት። ምስጥ ይጠብቀዋል። የብረት ጫማ አሠሩለትና ከመሬት 10 ሴንቲ ከፍ ይበል። ወይራና ጥድ ከባህር ዛፍ ይልቅ ይከርማሉ።

የአያት ጋን ወይም እንስራም ጥሩ ቅርጽ ነው። ዝናብ እንዳይሞላው ድፉት ወይም ጎኑን አስተኙት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ለግቢ ማስዋቢያ ብሎ አሮጌ የኮንሶ ዋካ የሚያቀርብላችሁ ደላላ ካገኛችሁ እምቢ በሉ። ዋካ ለጀግናና ለተከበረ ሰው መታሰቢያ የሚቆም የእንጨት ሐውልት ነው፤ ስርቆት ሲያራቁተው የኖረ ቅርስ ነው። የሰው መቃብር ላይ የነበረን ምስል በረንዳችሁ ፊት አቁማችሁ ቡና አይጠጣላችሁም። የዛሬ ቀራፂ አዲስ ነገር ይሥራላችሁ፤ እሱም እንጀራ ይበላል።

ከቆመ በኋላ

ከስሩ ሐረግ አትትከሉ። በሁለት ክረምት ሽፍን ነው የሚያደርገው። ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ጠጠር አልብሱት፤ ሳር አጫጁ ማጭዱን እንዳያጋጨው ይረዳል። ከዚያ ያለው ሥራ ትንሽ ነው። እኔ ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ቀለሟ የተላጠበትን እደባብሳለሁ። መስከረም ላይ ውሃ ልኩን መቆሚያዋ ላይ አስቀምጥና ቡሎኖቹን አጠብቃለሁ። ዘንድሮ የውሃ ልኩ አረፋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። ጆንያውን ግን እናቴ አልጣለችም፤ ማሽላው ውስጥ አቁማው ወፍ ያባርርላታል።