ሪኮርደር ሳይጮህ እንዴት ይነፋል?

ዋሽንት የሞከረ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በከንፈሩ ነው። አየሩ የቧንቧውን ጠርዝ ካላገኘ ድምፅ የለም። ሪኮርደር በሚባለው፣ ቀጥ ተደርጎ በሚነፋው የትንፋሽ መሣሪያ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ አፍ ላይ ያለው ጠባብ መተላለፊያ አየሩን ራሱ ድምፅ ወደሚፈጥረው ስል ጠርዝ፣ ወደ ስለቱ ይመራዋል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ማንም ቢነፋው ስለሚጮህ ብዙ ሰው የልጆች መጫወቻ ይመስለዋል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1547 ሲሞት በንብረት መዝገቡ 76 ሪኮርደሮች ተቆጥረዋል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽም 4ኛው የብራንደንበርግ ኮንቼርቶ በሚባለው የኦርኬስትራ ሥራው ሁለት ሪኮርደሮችን ከቫዮሊን ጎን አሰልፏል።

መጀመሪያ ግዢው። ለጀማሪ ሶፕራኖ የሚባለው፣ ድምፁ ቀጠን ያለው ይበቃል፤ ፕላስቲክ ነው ብላችሁ አትናቁት። ከፊት ያሉትን ቀዳዳዎች ከላይ ወደ ታች ቁጠሩ። 5ኛው ከ4ኛው ሰፋ ካለ የባሮክ የሚባለው ነው፤ እሱን ውሰዱ። 4ኛው ከሰፋ የጀርመን ነው፤ 20ኛው ክፍለ ዘመን ያመጣው ማቅለያ። ፋ የሚባለውን ኖታ ያቀልና ፋ ሻርፕን፣ ማለትም ከፋ በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለውን፣ ያበላሻል።

ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ ከታች። የግራ አውራ ጣት የጀርባውን ቀዳዳ ይዘጋል፣ የቀኙ ከሥር ይደግፋል። ቀዳዳውን በጥፍሩ በኩል ሳይሆን በጣቱ ለስላሳ ሥጋ ድፈኑ። ጣታችሁን ስታነሱ ሙሉ ክብ ምልክት ከቀረ በደንብ ዘግታችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ትንፋሹ። መስታወት ጉም ለማልበስ እንደምትተነፍሱት በቀስታና በእኩል ኃይል ንፉ። ስትበረቱበት ቃናው ከቦታው ከፍ ይላል፤ ጭራሽ ካበዛችሁት ይጮሃል።

እያንዳንዱን ኖታ ደግሞ ምላሳችሁ "ዱ" እንደሚል አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ድምፅ ግን አታውጡ። ጉዳዩ ጥቃቅን ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከጣቱ ይበልጣል። ቬኒስ ላይ ሲልቬስትሮ ጋናሲ የሚባል ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1535 ባሳተመው የሪኮርደር መማሪያ ነፊው የሰውን ድምፅ እንዲመስል ይመክራል። ለጠንካራው የምላስ አመታት "ቴ ኬ"፣ ለለስላሳው "ሌ ሬ" የሚሉ ቃላትም መድቦለታል።

ጣቶቹ ቀላል ናቸው። የግራ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲዘጉ "ሲ" የሚባለው ኖታ ነው። የመሃል ጣት ሲጨመር ላ፣ የቀለበት ጣት ሲጨመር ሶል። በነዚህ ሦስቱ ሰንብቱ፤ ለቀኝ እጅ አትቸኩሉ። ላይኞቹ ኖታዎች ሲመጡ አውራ ጣታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ከጀርባው ቀዳዳ ጠባብ ክፍተት ብቻ ተዉ።

መሃል ላይ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ እርጥበት ይዟል ማለት ነው። መስኮቱን፣ ማለትም ስለቱ ያለበትን ክፍተት፣ በጣት ሸፈን አድርጋችሁ አንዴ በኃይል ንፉ። ስለቱን እንዳትነኩት፤ እሱ ከተጎዳ ዕቃው አበቃለት። የእንጨት ከሆነ ከመጫወታችሁ በፊት በእጃችሁ አሙቁት፣ ሲያልቅ ውስጡን በጨርቅ አድርቁት።

ምን እንጫወት ካላችሁ ያኮብ ቫን አይክን ፈልጉ። በኔዘርላንድ የኡትሬክት ከተማ ዓይነ ስውር ደወል ተጫዋች ነበር፤ ምሽት ላይ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሚንሸራሸሩ ሰዎች ሪኮርደር ይነፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ የታተሙት ዜማዎቹ ያለ አጃቢ የሚሰሩ ናቸው። ብዙዎቹ በተራ ዜማ ይጀምሩና እየተወሳሰቡ ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ብቻ ውሰዱ፤ ጣት የሚያጣምረውን ለከርሞ አቆዩት።