የሙያችንን ቁጥጥር ስንከላከል የምንሠራቸው ስህተቶች

«ቁጥጥሩ ይላላ፣ የሥራ ፈቃዱ ይቅለል፣ ሕክምናም እንደ ሌላው ገበያ ይከፈት» የሚለው ግፊት አዲስ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሐኪም ፈቃድ መስጠት ጭራሽ ይቅር ብሎ ነበር። እኔ ፈቃዱም፣ የሐኪም ሥራ በሐኪም መመዘኑም መቅረት የለበትም ከሚሉት ወገን ነኝ። የሚያንገበግበኝ ይህን ሊከላከሉ የተነሡ ባልደረቦቼ በገዛ እጃቸው ሲያፈርሱት ማየት ነው። ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴ አዲስ የገባችሁ ወጣት ሐኪሞች በተለይ ልብ በሉ።

አንደኛው ስህተት ራስን በራስ መቆጣጠርን እንደ ርስት መቁጠር ነው። በሕግ የተሰጠን ውክልና እንጂ ርስት አይደለም። የብሪታንያ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት በ1858 አዋጅ ሲቋቋም የተጠየቀው ግልጽ ነበር፤ ሕዝቡ የተማረውን ሐኪም ካልተማረው መለየት እንዲችል መዝግቡ። የሰጠ መልሶ ይወስዳል። ከ2009 ጀምሮ ሐኪሞች የዚያን ምክር ቤት አባላት መምረጣቸው ቀርቷል።

ሁለተኛው የሙያ ማኅበሩን ከተቆጣጣሪው አካል ጋር ማምታታት ነው። ማኅበሩ ስለ ደመወዛችንና ስለ ሥራ ሰዓታችን ይሟገትልን፤ ተቆጣጣሪው ግን የቆመው ለታካሚው ነው። በሁለቱም ቦታ ያው ሰው ከተቀመጠ ማንም አያምነንም።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። «እሱ እኮ ጥሩ ሰው ነው» የምትለዋን ያህል የጎዳን ነገር የለም። የታካሚው ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ነርሷ የደም ግፊቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ በየሰዓቱ መዝግባለች። የሐኪሙ ማስታወሻ ባዶ ነው፤ ጠዋት በሌላ ቀለም የተጨመረች አንዲት መስመር ብቻ አለች። ይኼኔ ከኮሚቴው አንዱ ቀና ይልና «አብረን ነው የተማርነው፣ ጎበዝ ነው» ይላል። ስለ ጉብዝናው ማን ጠየቀ? የተጠየቀው ስለዚያ ሌሊት ነው! የባልደረባን ገመና መሸፈን ወዳጅነት ይመስለናል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ቀጥሎ አልጋው ላይ የሚተኛው ሰው ነው።

በብሪታንያዋ ከተማ ብሪስቶል የሆነውን አስታውሱ። በዚያ ስለነበረው የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና በ2001 የወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ ከ1991 እስከ 1995 ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ከ30 እስከ 35 የሚደርሱ ሕፃናት ከሚጠበቀው በላይ እንደሞቱ ገምቷል። ሰመመን ሰጪው ሐኪም ስቲፈን ቦልሲን ቁጥሩን ሰብስቦ ሲጮህ ሰሚ አጣ፤ በመጨረሻም ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ብሪታንያዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺፕማንም በ1976 ፔቲዲን የተባለውን ሱስ አስያዥ የሕመም ማስታገሻ ለማግኘት የሐሰት ማዘዣ ጽፎ ፍርድ ቤት ሲቀጣው፣ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤቱ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለፈው። በኋላ የተካሄደው ምርመራ 215 ታካሚዎቹን መግደሉን አረጋገጠ። ምክር ቤቱም ለሐኪሞች ጥቅም ያደላ እንደነበር በ2004 ተጻፈበት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእኛ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል።

አራተኛው ስህተት እዚሁ ላይ ይመጣል። «እንግዲያው ለገበያው ተዉት፣ ታካሚው ራሱ ይምረጥ» ሲሉን አፍረን ዝም እንላለን። ዝም ማለት የለብንም። ሺፕማን እኮ ታካሚዎቹ የሚወዱት ሐኪም ነበር! ታካሚ የሐኪሙን ደግነት ያያል እንጂ የሚወጋውን የሞርፊን መጠን አያይም። በ1998 ጥርጣሬዋን ለባለሥልጣን ያቀረበችው በአቅራቢያው ባለ ሌላ ክሊኒክ የምትሠራ ሐኪም ነበረች። አስከሬን ለማቃጠል የሁለተኛ ሐኪም ፊርማ ያስፈልግ ስለነበር፣ ለሱ ታካሚዎች የሚፈረመው ቅጽ መብዛቱ አሳሰባትና የአሟሟትን ምክንያት ለሚያጣራው ባለሥልጣን አመለከተች። ፖሊስ ጉዳዩን በቅጡ ሳያጣራ ዘጋው፤ ሰውየው እስኪያዝ ድረስ ሦስት ሰው ጨመረ። እሷ ያየችውን ሊያይ የሚችለው የሙያው ሰው ነበር። መከራከሪያችንም ይኸው ነው፤ ካየን በኋላ ከተናገርን ብቻ ግን።

አምስተኛው ገበያችንን እየጠበቅን «ለታካሚው ደኅንነት ነው» ማለት ነው። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ ከስምንት አባላቱ ስድስቱ በሥራ ላይ ያሉ ጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች በርካሽ ጥርስ ማንጣት ሲጀምሩ ሥራችሁን አቁሙ የሚል ደብዳቤ ላከባቸው። ቦርዱ ዘንድ የደረሰው አቤቱታ ግን በአብዛኛው ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ጉዳት አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ መንግሥት በቅርብ ካልተቆጣጠረው በቀር እንዲህ ያለ ቦርድ ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ አያመልጥም አለ። ፍርዱ ተገቢ ነበር እላለሁ።

ስድስተኛው ማላላት በተባለ ቁጥር መቃወም ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ አገልግሎታቸውን እንዳያስተዋውቁ ሲከለክል ኖሮ፣ የንግድ ኮሚሽኑ በ1979 እንዲያቆም አዘዘው። በዚያ ክልከላ የዳነ በሽተኛ አላውቅም። እንዲህ ያለው ይሂድ። የማንደራደርባቸው የትምህርት ማስረጃ ማጣራት፣ ማንም ሊያየው የሚችል መዝገብ፣ አደገኛውን ሐኪም ቶሎ የማገድ ሥልጣን ናቸው።

በኮሚቴው ውስጥ ሐኪም ያልሆኑ አባላትን መፍራትም ስህተት ነው። «ለምን አልደወለም?» ብለው የሚጠይቁት እነሱ ናቸው።

የመጨረሻው ውሳኔን መደበቅ ነው። ክሱ ውድቅ ሲሆን እንኳ ምክንያቱ አቤት ባዩ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ይሰጠው። «ጥፋት አልተገኘም» የምትል አንዲት መስመር ብቻ የደረሳት እናት፣ ሐኪሞች ተሸፋፈኑ ብትል አልፈርድባትም።